የእናቴ ወይራ በሊታዎች

ወይራውን ያስቆረጥኩት እናቴ ጸበል በሄደችበት ሰሞን ነው። አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልወድም። ማንም አላዘዘኝም፣ ቀበሌ አልመጣብኝም፣ መንገድ አላለፈበትም። እኔው ነኝ፣ በገዛ አፌ፣ ግንበኛውን "ይቆረጥ በቃ" ያልኩት።

ያኔ ገርጂ እንዳለ ይገነባ ነበር። ጠዋት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰን ብሎኬት የሚያራግፍ መኪና ነው። ከኢምፔሪያል ወደ እኛ ሰፈር ሲገባ ግራና ቀኙ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ብቻ ነው። ሰው ሲገናኝ ከጤና በፊት ሲሚንቶ ይጠያየቃል። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው እንኳ፣ እግዜር ይቅር ይበለንና፣ ስለ ፌሮ ያወራ ነበር። ግቢ ያለው ሁሉ አጥሩን ተከትሎ የሚከራይ ሰርቪስ ቤት ይደረድራል። እኛም ግቢ ነበረን።

ግቢያችን የድሮ እርሻ ቅሪት ናት። አባቴ ያርሰው የነበረው መሬት ግማሹ ለመንገድ፣ ግማሹ ለኮንዶሚኒየም ሲሄድ፣ ለእኛ ቤቷ፣ ደጃፏና ደጃፏ ላይ የቆመው ወይራ ቀሩልን። ከዚያ አባቴ ሞተ። ወንድሞቼ በሥራ ምክንያት አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ ድሬዳዋ ቀሩ፤ ለበዓል ይደውላሉ። እኔ ኦሎምፒያ አጠገብ ባለ አንድ የአስመጪ ቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ። አርባ ሊሞላኝ ነበር፣ አላገባሁም። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እናቴም አትጠይቀኝም ነበር።

እናቴ ዐይኗ ጠፍቷል። ሐኪሞቹ ግላኮማ ነው፣ ዘግይታችሁ ነው የመጣችሁት አሉን። ብርሃንና ጨለማ ትለያለች፣ ከዚያ ወዲያ የለም። በኦሮምኛ ታወራኛለች፣ እኔ በአማርኛ እመልስላታለሁ፤ ዕድሜ ልካችንን እንዲሁ ነበርን። ወይራውን ኤጀርሳ ነው የምትለው። ቀን ቀን ሥሩ በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች። ሰዓቷም፣ ሬዲዮዋም፣ ጎረቤቷም እሱ ነበር።

ሰዓቷ ስል የምሬን ነው። ወይራው ላይ ፍሬ ሊበሉ የሚመጡትን ወፎች በድምፅ ለይታ ታውቃቸው ነበር፤ ስምም አውጥታላቸዋለች። ጎህ ሲቀድ የምትመጣው ራሷ ጠቆር ያለ ቡናማ ወፍ ለፍላፊዋ ናት፤ እየበላችም ታወራለች፣ ሳትበላም ታወራለች። "ለፍላፊዋ መጥታለች፣ ተነሺ፣ ታክሲ ያመልጥሻል" ትለኛለች እናቴ። ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታሞቅ ጅራታሞቹ ይመጣሉ። እነሱ በመንጋ ነው የሚሄዱት፤ ራሳቸው ላይ ቁንጮ አላቸው፣ ቅርንጫፉ ላይ እንደ አይጥ እየተሽሎከሎኩ ይግጡታል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ብቻውን የሚመጣ አንድ አለ፤ መሬት ወርዶ የደረቀ ቅጠል እየገለበጠ የወደቀውን የሚለቅም፣ ድምፁ የማይሰማ። እሱን ባሕታዊው ትለዋለች። ድምፅ የሌለውን እንዴት አወቅሽው ብላት፣ "ቅጠሉ ይነግረኛል" አለችኝ።

ወይራው ፍሬው ሲበስል ጥቁር ወይን ጠጅ ይሆናል። ወፎቹ ሥጋውን በልተው ድንጋይ የመሰለ ዘሩን ቆርቆሮአችን ላይ ይተፉታል። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ሙሉ ቀን። እኔ ያናድደኝ ነበር። እናቴ ግን ድምፁን ስትሰማ ፊቷ ይፈታል። "ይህን ዛፍ ሰው አልተከለውም" ትላለች፣ አንድ ሺህ ጊዜ የነገረችኝን እንደ አዲስ። "ወፍ ነው የዘራው። የኤጀርሳ ፍሬ ዝም ብሎ ወድቆ እሺ ብሎ አይበቅልም። ወፍ አፍ ገብቶ ልብሱን ማውለቅ አለበት። አንዷ በልታ እዚሁ ትተፋዋለች፣ አንዷ በሆዷ ይዛው ሄዳ የማንም ያልሆነ ቦታ ትጥለዋለች። አያትሽ መጥቶ ሲሰፍር ይሄ እዚህ ቆሞ ነው የጠበቀው።" እኔ "እሺ እማዬ" እያልኩ ጫማዬን አሥራለሁ።

አሁን ለምን እንዳስቆረጥኩት ልናገር። ኪራዩ ያጓጓኝ ነበር፣ አልዋሽም። ከኪራዩ በላይ ግን ዝምታው ገድሎኝ ነበር። ከሥራ ስገባ እናቴ ተኝታ ትቆየኛለች፣ ራቴን ብቻዬን እበላለሁ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን በግድግዳ አልፎ ይሰማኛል። አራት ክፍል ብሠራ፣ አራት ቤተሰብ ቢገባ፣ ግቢው የሰው ድምፅ ያገኛል ብዬ አሰብኩ። ከሥራ ስመለስ "ዋልሽ እንዴ" የሚለኝ ሰው በርጩማ አውጥቶ ደጅ ተቀምጦ ታየኝ። ጅል ነበርኩ እኮ።

ግንበኛው ወይራውን ዞሮ አየና፣ "ሥሩ መሠረቱን ይፈነቅለዋል። ወይ ዛፉ ወይ ቤቱ" አለኝ። ጥምቀት ባለፈ ማግስት ነው። እናቴ ከጎረቤታችን ጋር ለዐይኗ ጸበል ልትጠመቅ ሁለት ሳምንት ሄዳ ነበር። ብትኖር እሺ እንደማትል አውቃለሁ፤ ስለማውቅ ነው የቸኮልኩት። ወይራ ጠንካራ እንጨት ነው፣ ሁለት ቀን ሙሉ መጋዝ በላ። የሰፈሩ ሴቶች የእርጎ ዕቃ ማጠኛ ብለው እየመጡ ስንጣሪውን እንደ ዝክር ዳቦ ተካፈሉት። እኔም በለጋስነት እየሳቅኩ አደልኩ። ለፍላፊዋ አጥሩ ላይ ሆና ቀኑን ሙሉ ጮኸች።

እናቴ ስትመለስ መሽቶ ነበር። ከታክሲ አውርጄ፣ ክንዷን ይዤ፣ በጓሮ በኩል አዙሬ አስገባኋት። ደጃፉ ላይ ቆም አለችና አፍንጫዋን ወደ ላይ አደረገች።

"ኤጀርሳ ይሸታል።"

"ጎረቤት የእርጎ ዕቃ እያጠነች ነው" አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ ምላሴ ተዘጋጅቶ ሲጠብቅ የነበረ ይመስል ወጣ።

"እህ" ብላ ገባች።

በርጩማዋን ከቤቱ ጀርባ፣ ከግድግዳው ጥግ አደረግኩት። "ፊት ለፊቱ ግንባታ ነው፣ ሚስማር አለ፣ ጉድጓድ አለ፣ ትወድቂብኛለሽ" አልኳት። አልተከራከረችኝም። በማግስቱ ጠዋት ሻይዋን ስሰጣት ጠየቀችኝ።

"ወፎቹ የት ሄዱ?"

"ጫጫታው አስፈርቷቸው ነው እማዬ። ግንባታው ሲያልቅ ይመለሳሉ።"

"እሺ" አለች።

በሚቀጥለው ቀንም ጠየቀችኝ። በሦስተኛውም። ከዚያ በኋላ ጠዋት በጠዋት፣ ሻይዋን ከእጄ ስትቀበል፣ እንደ እግዜር ሰላምታ "ወፎቹ የት ሄዱ?" ትላለች፤ እኔም አንድ ነገር እላለሁ። ሲሚንቶው ነው። አቧራው ነው። ክፍሎቹ አልቀው ቆርቆሮ ሲመታባቸው ክረምት ገባ፤ ዝናቡ ነው አልኩ። በየቀኑ ልነግራት እወስናለሁ፣ በየቀኑ ታክሲ ሊያመልጠኝ ነው እያልኩ እወጣለሁ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው። ከአባቴ መሬት የቀራትን አንድ ነገር ነው የወሰድኩባት፤ ያውም ዘወር እስክትል ጠብቄ። ይህን በምን አፌ ነው የምላት?

ተከራዮቹ ገቡ። አንደኛው ክፍል ኤርፖርት የሚሠራ ሰው ነው፤ ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይሠራል። ሁለተኛው አዲስ ተጋቢዎች ናቸው። ሦስተኛውና አራተኛው ተማሪዎች፤ ጆሯቸው ላይ ገመድ ሰክተው ይወጣሉ፣ ሰክተው ይገባሉ። ሁሉም የብረት በር አላቸው። ከሥራ ስመለስ አራት የተዘጋ በር ነው የሚቀበለኝ። "ሰላም ናችሁ?" ስል ከመጋረጃ ኋላ "ሰላም እትዬ" ይላሉ፤ አለቀ። ባዶ ግቢ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፣ ሰው በሞላበት ግቢ ውስጥ ደግሞ ይበልጥ ብቻዬን ሆንኩ። የሚከፋው ይሄኛው ነው።

መስከረም ሲጠባ ሰበብ አለቀብኝ። ጫጫታ የለ፣ ዝናብ የለ። እናቴ ጠዋት ላይ፣ "አሁንስ የት ናቸው?" አለችኝ። እንግዲያው እመልሳቸዋለሁ አልኩ በልቤ። ዛፉን መመለስ አልችልም፤ ወፎቹን ብመልስላት ግን ስለ ዛፉ አታውቅም፣ ሳታውቅ ትኖራለች፣ እኔም እተነፍሳለሁ። ዕቅዴ ይሄ ነበር።

መጀመሪያ ስንዴና የሩዝ ስባሪ በተንኩ። ርግብ መጣ፣ ድንቢጥ መጣ፣ ግቢው ተንጫጫ። ደስ ብሎኝ ወደ እናቴ ሮጥኩ። "ይኸው እማዬ፣ ተመለሱ!" አልኳት። ጆሮዋን ሰጥታ ሰማችና ራሷን ነቀነቀች።

"እነዚህ እህል ለቃሚዎች ናቸው። የኔዎቹ የጤፍ ክምር ቢሰጧቸው ዞር ብለው አያዩም። ፍሬ በሊታ ናቸው።"

የገበሬ ልጅ ሆኜ ይህን አላውቅም፤ አፈርኩ። ከዚያ ፓፓያ ቆራርጬ አጥሩ ላይ ደረደርኩ። ቁራ መጥቶ አነሳው፤ ሳህኑንም ሰበረው።

አንድ ቀን ከምሳ ስመለስ ነው፣ ኦሎምፒያ፣ ቢሯችን በር ላይ። ዓመታት ሥሩ አልፌ የማላየው ቁንዶ በርበሬ ዛፍ አለ፤ ቅርንጫፉ ወደ ታች የሚንጠባጠብ፣ ፍሬው በዘለላ የሚንጠለጠል፣ ቀይ። ከዚያ መኪና ጥሩንባ መሀል አንድ ድምፅ ሰማሁ። ለፍላፊዋ! እሷው ራሷ ትሁን ዘመዷ እኔ እንጃ፣ ግን ያ አፏ ነው። ቀና ስል ሦስት አራት ሆነው ቀዩን ፍሬ እየለቀሙ ያወራሉ። መንገድ መሀል እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

የበሩ ጥበቃ የድሮ ወታደር ናቸው፤ ነገር አያመልጣቸውም። "ምነው አንቺ ልጅ፣ ሰው ሞተብሽ?" አሉኝ።

"አይ ጋሼ፣ አንድ ቅርንጫፍ ይቁረጡልኝ፣ ፍሬ ያለው።"

"ለጠንቋይ ነው?"

"ለእናቴ ነው።"

"እናትሽ ፍየል ያረባሉ እንዴ?"

"ወፍ ነው የሚያረቡት" አልኳቸው። ከት ብለው ስቀው፣ ወንበር ላይ ወጥተው ቆረጡልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማክሰኞና ዓርብ፣ ሳልጠይቃቸው፣ ቅርንጫፉ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በሩ ላይ ይጠብቀኛል። "የፍየሎቹ ምሳ!" ይሉኛል።

ቅርንጫፍ ይዞ ታክሲ መሣፈር እንዴት ያለ መከራ እንደሆነ ያልሞከረው አያውቅም። መገናኛ ስንደርስ የተጋፋ ሁሉ ፀጉሩ ውስጥ ቅጠል ይዞ ይወርዳል። ረዳቱ፣ "ለዛፉም የሰው ሒሳብ ነው!" ይላል፣ ተሣፋሪው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ በቀን ውስጥ ከሰው ጋር የምስቀው እዚያ ብቻ ነበር።

ልብስ ማስጫችን ከድሮው ቤት እስከ አዲሶቹ ክፍሎች የተወጠረ ሽቦ ነው፤ መሀሉ ላይ አንድ የእንጨት ቋሚ አለው። ቅርንጫፉን ቋሚው ላይ በገመድ አሠርኩት። አንድ ሳምንት ማንም አልመጣም። በሁለተኛውም አልመጣም፤ የደረቀውን በአዲስ እየቀየርኩ ጠበቅኩ። ኅዳር ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እናቴ ፊቷን ታጥባ በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች፣ ከሽቦው በኩል ያ ልፍለፋ ተነሣ።

እናቴ እጇ አየር ላይ ቀረ። "መጣች" አለች።

ወደ ማድቤት ገብቼ በነጠላዬ አፌን ይዤ አለቀስኩ። ስወጣ አሁንም እያዳመጠች ነው።

"ዝቅ ብላ ነው የተቀመጠችው" አለችኝ። "ድሮ ከላይ ነበር የምታወራው።"

"አርጅታ ይሆናል እማዬ።"

"ወፍም ያረጃል?"

"ምን ይቀራል ብለሽ?"

ፈገግ አለች። እኔ ያንን ፈገግታ እንዳመነችኝ ቆጠርኩት።

ጥር ላይ ጅራታሞቹም መጡ። ሽቦው ላይ ተደርድረው፣ ተራ እየጠበቁ ቅርንጫፉን ይወጣሉ። በልተው ሽቦው ላይ ይቀመጣሉ፣ እዚያው ሆነው ኩሳቸውን ይጥላሉ። እዚህ ላይ ነው ከአዲሷ ሙሽራ ጋር የተጣላነው። አንድ እሑድ የባሏን ነጭ ሸሚዝ ይዛ መጣች፤ ከትከሻው እስከ ታች ወርዶበታል።

"እትዬ፣ እባክዎን ወፎቹን አንድ ይበሏቸው። ሦስተኛዬ ነው።"

ጥሩ ቃል አጥቼ አልነበረም። ግን ነደደኝ። "እነሱ ካንቺ በፊት ነው የነበሩት። ካልተመቸሽ ቤትሽ ውስጥ አስጪ" አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። አንድ ቃል ሳትመልስ ገባች፣ የብረት በሯን ቀስ አድርጋ ዘጋች። ብታጋጨው ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ልብሷን ክፍሏ ውስጥ ማስጣት ጀመረች፤ ለሰላምታ እንኳ ዐይኗን ታሸሻለች። ከተከራዮቹ ያወራችኝ እሷ ብቻ ነበረች፣ እሷንም አባረርኩ። ይቅርታ ልጠይቃት አሰብኩ፤ እኔ ደግሞ ከማሰብ አልፌ አላውቅም።

እናቴ ግን ጠዋት ጠዋት መጠየቋን አልተወችም። ወፎቹ ሽቦው ላይ እየጮኹ እንኳ፣ ሻይዋን ስትቀበል፣ "ወፎቹ የት ሄዱ?" ትላለች። "ይኸው እኮ መጥተዋል እማዬ፣ አትሰሚም?" ስላት፣ "እሰማለሁ" ትልና ትንሽ ትጠብቃለች። ከዚያ ትጠጣለች። ዕድሜ ነው፣ እየረሳች ነው ብዬ አዘንኩላት።

ክረምቱ እንደገና ገባ። ቢሮ መዋል፣ ጭቃ፣ ጃንጥላ፤ ቅርንጫፉንም ተውኩት። ነሐሴ ላይ፣ ለፍልሰታ ፈቃድ ወስጄ ቤት የዋልኩ ቀን፣ ከሽቦው ሥር ሣር ልነቅል ጎንበስ አልኩ። ሣር አልነበረም። ከቋሚው ተነሥቶ ሽቦው እስከሚያልቅበት ድረስ፣ በገመድ የተለካ ይመስል፣ ቀጥ ያለ የቡቃያ መስመር! ጣት የሚያክል፣ ስንዝር የሚያክል። ሽቦው በሄደበት ሄዷል። ሰው እንዲህ ቀጥ አድርጎ መትከል አይችልም። ከላይ ተቀምጠው ዓመቱን ሙሉ ሲጥሉት የነበረው፣ እኔና ሙሽራዋ የተጣላንበት ነገር፣ ዘር ነበር።

ደስታ አሳበደኝ፤ ውሸቴን ረሳሁት። "እማዬ! እማዬ፣ ነይ ዳስሺው፣ ወፎችሽ ዘርተው ሄደዋል!" አልኩ። እጇን ይዤ በፊት ለፊት በኩል አወጣኋት፤ ዓመት ከመንፈቅ ወደከለከልኳት ቦታ።

ጭቃው ላይ ተንበረከከች። የመጀመሪያውን ዳሰሰች፣ ቅጠሉን አሽታ ወደ አፍንጫዋ ወሰደችው።

"ቁንዶ በርበሬ" አለች። ወደሚቀጥለው ሄደች። "ይሄም ቁንዶ በርበሬ።" ሦስተኛውንም። እኔ ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። ግቢያችን ቁንዶ በርበሬ ኖሮት አያውቅም።

"ከየት አመጡት?" አለች።

"እኔ እንጃ እማዬ።"

"በታክሲ ነው?"

እሷ ፊቷን ወደኔ ሳታዞር እየዳሰሰች ቀጠለች። "ማክሰኞና ዓርብ ስትገቢ እጅሽ ቁንዶ በርበሬ ይሸት ነበር። ዝም አልኩሽ እንጂ።"

መስመሩ ሊያልቅ ሲል ጣቷ ቆመ። ይሄኛው ቡቃያ ሌላ ነው፤ ቅጠሉ ጠባብ፣ ደረቅ፣ ጀርባው ወርቅማ። አላሸተተችውም። በሁለት ጣቷ ይዛው ቆየች።

"ኤጀርሳ" አለች። "ይቺ የኛ ናት። ከሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይሁን ከራሳችን ይሁን፣ አመጧት።" ከዚያ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፣ ፀሐይ መዳፏ ላይ አረፈችባት። "ትልቁ ቢኖር ኖሮ ይሄ ጥላ ነበር። እዚህ አትበቅልም ነበር።"

"እማዬ..."

"የመጣሁ ማታ ነው ያወቅኩት። የታጠነ ኤጀርሳና የተቆረጠ ኤጀርሳ ሽታው አይለይልኝም እንዴ?"

እኔም ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። "ታዲያ ለምን?" አልኳት። "ለምን በየጠዋቱ የት ሄዱ፣ የት ሄዱ ትይኛለሽ?"

"እስክትነግሪኝ ነዋ።"

እሷ እንደገና ጎንበስ ብላ ቡቃያዋ ሥር ያለውን ጭቃ በጣቷ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ጀመረች፤ ድምፅዋ ቁጣ የለበትም፣ ቁጣ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር።

"ዛፍ ይቆረጣል ኢንተላ ኮ። እርሻው ሲሄድ አይቻለሁ፣ አባትሽ ሲሄድ አይቻለሁ። እሱ አይደለም ያሳዘነኝ። አንቺ ብቻሽን ይዘሽው፣ እኔ ብቻዬን ይዤው፣ በአንድ ጣራ ሥር ዓመት ከመንፈቅ። አብረን እናለቅስለት ነበር እኮ።"

ኢንተላ ኮ ልጄ ማለቷ ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንዲያ ብላኝ አታውቅም ነበር፣ ወይም እኔ ሰምቼው አላውቅም። ጉልበቷ ላይ ተደፍቼ ይቅር በይኝ አልኩ፣ ደጋግሜ አልኩ። እሷ ራሴን እየዳበሰች፣ "በይ ተነሺ፣ ቀሚስሽ ጭቃ ሆነ" አለችኝ። ያን ቀን ግን፣ ዘግይተንም ቢሆን፣ እዚያው ተቀምጠን አብረን አለቀስን።

በማግስቱ ጠዋት ሻይዋን ስሰጣት አልጠየቀችኝም። ከዚያ ወዲያ ጠይቃኝ አታውቅም። በርጩማዋን ወደ ፊት መለስኩት፤ ቡቃያዋ አጠገብ ትቀመጣለች፣ የፊት መታጠቢያዋን ውሃ ለእሷ ታፈስላታለች። በሚቀጥለው ዐቢይ ጾም፣ አንድ ሌሊት ታማ ሞተች። ወንድሞቼ መጡ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ድንኳኑ ተነቀለ፣ ሄዱ። ቁንዶ በርበሬዎቹን ነቃቅዬ አንዷን ወይራ ብቻ አስቀረሁ። ወይራ አይቸኩልም። እኔ ከቢሮ ወጣሁ፣ ጥበቃው ጋሼ ጡረታ ወጡ፣ ኤርፖርት የሚሠራው ለቀቀ፣ ተማሪዎቹ ተመርቀው ሄዱ፣ ሌሎች ተማሪዎች ገቡ። ሙሽራዋና ባሏ ብቻ እዚያው ናቸው፤ አሁንም ልብሷን ክፍሏ ውስጥ ታሰጣለች።

ባለፈው ዓመት ወይራዋ ከእኔ ቁመት አልፋ ጥቂት ፍሬ ያዘች። በጣት የሚቆጠር ነው፤ ጠቆረ፣ ቆየ። አንድ ጠዋት ሻይ አፍልቼ ብቻዬን ስጠጣ ጣራው ላይ ድምፅ ሰማሁ። ጠብ። አንዲት ብቻ። ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ ያን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ስወጣ ለፍላፊዋ የጣራው ጫፍ ላይ ናት፤ ምንቃሯን አብሳ ወደ ወይራዋ ተመለሰች።

የምነግረው ሰው ፈልጌ ዞር አልኩ። በርጩማዋ ባዶ ነው። ወደ ቤት ልገባ እግሬን አነሣሁና ቆምኩ። ከዚያ ግቢውን ተሻግሬ የሙሽራዋን የብረት በር አንኳኳሁ።

እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከፈተች። ደንግጣለች። "ምነው እትዬ፣ ውሃ ጠፋ?"

"የለም፣ ምንም አልጠፋም። ያኔ ስለ ሸሚዙ በክፉ ተናግሬሻለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። አሁን ደግሞ... አንድ ድምፅ አለ፣ ብቻዬን ሰማሁት። አንቺም ብትሰሚው ብዬ ነው።"

አበደች እንዴ እያለች እንደሆነ ፊቷ ላይ አየሁት። ግን በሩን አልዘጋችም። ነጠላዋን ከኋላዋ ስባ ለበሰችና ደጃፉ ላይ ወጥታ አጠገቤ ቆመች። ሁለታችንም ቀና ብለን ጣራውን እያየን ዝም ብለን ጠበቅን።